ዘንድሮ ቢጫው ዘገየ

አርባ ሻርፕ አላት እያሉ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ለአፍ ዳገት የለውም። አራት ነው ያላት! ቆጥሬ ነው የምናገረው፤ የአራቱንም ጠርዝ የቀመቀምኩት፣ ሲተረተሩም መልሼ የጠቀምኩት እኔ ነኝ። አርባ ሻርፕ ያላት ሴት አንድ ጥቁር ጫማ ሦስት ጊዜ ሶል አታስቀይርም። ደግሞ አርባ ቢኖራትስ? የማንን በላች?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሴትዮዋ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲያ እናትም አባትም እሷው ሆነችልኝ። እትዬ ነው የምላት። ዛሬም የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሷ በዚህ በር፣ እኔ በዚያ በር።

እትዬ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ የእንጨት መሰላል አለ፣ አቧራ አለ፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያይ ባለ ብረት ፍርግርግ አንድ መስኮት አለ። በሽተኛው ከውጭ ቆሞ ትንሿን የቀጠሮ ካርዱን በፍርግርጉ ያቀብላል፣ እትዬ ትልቁን ፋይል ከመደርደሪያ ታወርድለታለች። መንገዱ የገበያ መንገድ ነው። የሚሄደውም የሚመለሰውም እሷን ሳያይ አያልፍም። እኔ ደግሞ ከጤና ጣቢያው በር ሁለት ቤት አልፎ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። አፈ ፈጣን ይሉኛል። ይበሉ።

የእትዬን ቁምሳጥን ልክፈትላችሁ፣ ጊዜ አይፈጅም። ሁለት ጥቁር ጉርድ ቀሚስ፣ ሦስት ነጭ ሸሚዝ፣ አንድ ግራጫ ሹራብ፣ ገበሩን ሁለት ጊዜ የቀየርኩለት አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት። አለቀ። ልጅ ሳለሁ በዚህ ልብስ አፍር ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ሰው ምን ይላል? ሁልጊዜ ጥቁርና ነጭ! ቁራ መሰልሽ እኮ» አልኳት።

«የቤት መሠረት ማን ቀለም ይቀባል?» አለችኝ ሳቅ ብላ። «ጉርዱም ሸሚዙም መሠረት ነው። ቀለም የሚቀመጠው ፊት አጠገብ ነው። ደግሞ እኔ መስኮት ውስጥ ነው የምውለው፤ ከደረቴ በታች መኖሬንም የሚያውቅ የለም።»

ፊቷ አጠገብ የሚቀመጡት እንግዲህ አራቱ ሻርፖች ናቸው። ሰፋፊ ናቸው፣ ትከሻ ሸፍነው ደረት ላይ የሚወርዱ። ዝናብ ሲገባ ሸክላማ ቀይ፤ እሱ የእናታችን ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ቢጫ። ብርዱ ሲመጣ ወይን ጠጅ። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ ሰማያዊ። ሦስቱን አንድ በአንድ ገዝታ ለማሟላት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል። ለምን በየወቅቱ እንደምትቀያይር ስጠይቃት እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ «ሰማዩ ሲጠቁር እኔም ልጥቆር? በጭጋግ ቀን ጭጋግ አይለበስም። ዝናብ ያበሰበሰው ሰው መስኮቴ ጋ ሲደርስ ምድጃ ያየ ይምሰለው። ሐሩር ያቃጠለው ደግሞ ውሃ ያየ ይምሰለው።»

«ቢጫውስ?»

«ቢጫው ጭቃው ደረቀ ማለት ነዋ! ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?»

እኔም ከሷ ተምሬ ሱቄ ለሚመጡ ሴቶች ይህንኑ እሰብካለሁ። አዲስ ቀሚስ አሰፊ ብዬ ገበያዬን ማድራት ስችል፣ «መጀመሪያ ቀጥ ያለ ጥቁር ጉርድ ይኑርሽ፣ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ይኑርሽ፣ ከዚያ ሻርፕሽን ምረጪ» እላለሁ። ሻርፑ አበባ ካለው ልብሱ ዝም ያለ ይሁን። ልብሱ አበባ ካለው ሻርፑ አፉን ይዝጋ። አበባ ላይ አበባ የደረበች ሴት ጓሮ አትክልት ናት። ከሁሉም በላይ እትዬ አጥብቃ የምትናገራት አንዲት ቃል አለች፦ «ግራጫ ፊት አጠገብ ከመጣ ጤነኛውም በሽተኛ ይመስላል።» ይህችን ቃል አውቃት ነበር። እያወቅኳት ነው ያደረግኩት። እደርስበታለሁ።

ሻርፕ የምትቀይረው በቀን መቁጠሪያ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት በሯ ላይ ትቆማለች። አየሩን ታሸታለች። የጎረቤቱን ትልቅ ዛፍ ቀና ብላ ታየዋለች። ከዚያ ተመልሳ ገብታ ቁምሳጥኗን ትከፍታለች። በቃ፣ ወቅቱ ተቀየረ። የካርድ ክፍል ባልደረቦቿ «ራዲዮ ሊዋሽ ይችላል፣ እሷ ግን አትዋሽም» እያሉ ጃንጥላቸውን በሷ ሻርፕ ነበር የሚያወጡትና የሚያስገቡት። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያለ ወቅቱ ለብሳ አላየኋትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ። ከድልድዩ ማዶ የሚኖሩ፣ የዶማና የመጥረቢያ እጀታ እየጠረቡ ገበያ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰው ሁሉ አባባ እጀታ ይላቸዋል። ደም ግፊት አለባቸው፣ በየሦስት ወሩ መጥተው መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። ማንበብ አይችሉም፣ አብራቸው ያለችው ልጃቸውም አትችልም። ካርዳቸው ላይ ቀን ይጻፍላቸዋል፣ እሳቸው ግን ወይ ሳምንት ቀድመው ይመጣሉ፣ ወይ ሳምንት አሳልፈው ይመጣሉ። «ቀጠሮዎ አልደረሰም፣ ይመለሱ። ቀጠሮዎ አልፏል፣ እንደገና ይመዝገቡ።» እንዲህ ሲመላለሱ የእትዬ ሆድ አልቻለም። አንድ ዝናባማ ጠዋት እቤት ካለው ከቢጫው ሻርፕ ዘርፍ አንዲት ክር መዝዛ ይዛ ሄደች። በካርዳቸው ቀዳዳ አስገብታ ቋጠረችላቸው።

«አባባ፣ ይህችን ክር ያዩዋታል? በዚህ መስኮት ይህን ቀለም ለብሼ ሲያዩኝ ይምጡ። አይቅደሙኝ፣ አይዘግዩብኝም።»

«ይኼማ ምን ይከብዳል!» አሉ። ገበያ ሲመጡ በመስኮቱ አጠገብ ነው የሚያልፉት፤ ዓይን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ዝናቡ አበቃ፣ እትዬ ቢጫውን ለበሰች፣ በሦስተኛው ቀን አባባ እጀታ ካርዳቸውን ከፍ አድርገው እያውለበለቡ ከተፍ አሉ። መድኃኒታቸውን ወሰዱ፣ ለብርዱ ወራት ወይን ጠጅ ክር ታሰረላቸው፣ ሄዱ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! የስኳር በሽተኛው፣ አስም ያለባት፣ ዓይኑ የደከመ፣ ማንበብ የማይችል ሁሉ «ለእኔም እሰሪልኝ» አለ። አሥር ነበሩ፣ መቶ ሆኑ፣ መቶ ሃምሳ አለፉ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ለጎረቤቱ «ባለሻርፗ ወይን ጠጅ ለብሳለች፣ ካርድሽን አውጪ» ብሎ ያልፋል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሰው መቀነሱን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት። እኔ ብቻ ነበርኩ የተቆጣሁት። ልጠቅመው ብዬ ቢጫውን ስዘረጋው ዘርፉ ግማሹ የለም!

«እትዬ! ሻርፕሽን ምን በላው? ብል ነው?»

«ሰው በላው» አለችኝ።

ሦስት ቀን አኮረፍኳት። በአራተኛው ቀን ክር ሻጭ ቤት ሄጄ፣ ከየሻርፑ ጫፍ ላይ ክር ይዤ፣ ቀለሙን በፀሐይ እያስተያየሁ አራት ጥቅል ክር ገዛሁላት። ሻርፖቹ ግን ከዚያ በፊት ጠርዛቸው ተመልጦ ነበር። እሷ ደስ ይላት ነበር እንጂ አንድም ቀን አላዘነችም።

ከዚያ ይህ ሰውዬ መጣ።

አዲሱ አስተዳዳሪ ነው። እኔ ኮሌታው ነው የምለው፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን ገትሮ ስለያዘው ዝቅ ብሎ ሰው ማየት አይችልም። በተሾመ በሁለተኛው ወር፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ሱቄ ድረስ መጣ። ሃያ ሁለት ጋውን ይፈልጋል፤ ግራጫ፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ፣ ለካርድ ክፍልም ለጽዳትም ለመጋዘንም። «ሥራሽን አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። እኔ ሞኟ! ጥርሴ አልከደን አለ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ጤና ጣቢያው እኔን መረጠ» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

እትዬም ልኳን ልትለካ መጣች። እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ሜትሩን አንገቷ ላይ ሳዞር «ሻርፑ ከላይ ነው ወይስ ከውስጥ? ኮሌታውን በዚያው ልክ ላስፋልሽ» አልኳት።

«አይ፣ እንደ ሌሎቹ አድርጊው» አለችኝ።

አላወቅኩም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላወቅኩም። ሃያ ሁለቱን ሰፍቼ፣ ተኩሼ፣ ቁልፋቸውን ቆላልፌ ካስረከብኩ በኋላ ነው ማስታወቂያ መለጠፉን የሰማሁት። ከደንብ ልብስ ላይ ሻርፕም ሆነ ማንኛውም ባለቀለም ተደራቢ ክልክል ነው ይላል። ማስታወቂያው የተለጠፈው እትዬ ልኳን ልትለካ በመጣችበት ቀን ጠዋት ነው። አንብባው ነው የመጣችው!

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ብነግርሽ ሥራውን ትተዪው ነበራ። ለሱቅሽ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው» አለች።

ይኸው ነው እንግዲህ። የእህቴን አንገት በግራጫ ጨርቅ የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው። ደግሞ ስፌቱ እንዴት ያምር መሰላችሁ! አንዲት ጥልፍልፍ የለበትም።

ኮሌታው በሻርፑ አላበቃም። ክሮቹን አየ። «ካርድ ላይ ክር ማንጠልጠል ምን የሚሉት ነገር ነው? ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ?» አለና ሁለት ሠራተኞች መቀስ ይዘው በመስኮቱ የሚገባውን ካርድ ሁሉ ክሩን እየቆረጡ እንዲመልሱ አዘዘ። ለሚመጣው ሰው ክሩ ተቆርጦ በማኅተም ቀን ይመታለታል። ለሚመጣው እሺ። ያልመጣውስ? በዝናቡ ወራት መጥቶ ቢጫ ክር አስሮ የሄደው ሰውስ? ቢጫው በእጁ ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ ቢጫ እየጠበቀ ነው።

እትዬ ይህን ያወቀችው ገና ማስታወቂያውን ስታነብ ነው። ሰው ፊት ድምጿ የማይሰማ ሴት፣ ደረጃውን ወጥታ ቢሮው ገባች። ያለችውን አብራት የገባችው ባልደረባዋ ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ጌታዬ፣ ጋውኑን እለብሳለሁ፣ እምቢ አላልኩም። ግን ቢጫ ክር የያዙ ከመቶ በላይ ሰዎች ውጭ አሉ። መስኮቱ ላይ ቢጫ ካላዩ አይመጡም። ሦስት ሳምንት ብቻ ይፍቀዱልኝ። የመጣውን ሁሉ አዲሱን አሠራር አስረድቼ እሸኘዋለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛ አልለብሰውም።»

ፈገግ አለ አሉ። «እናቴ፣ ይሄ ጤና ጣቢያ ነው፣ የፋሽን ሰልፍ አይደለም። ቀኑ እኮ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። ያንብቡት።»

ያንብቡት! ዓይኑን በጨው የታጠበ! ማንበብ ቢችሉ ክር ምን ይሠራላቸው ነበር? ደግሞ እናቴ ይላታል! እናቱ ብትሆን እንዲህ ይመልስላት ነበር?

ዝናቡ አበቃ። አንድ ጠዋት እትዬ በሯ ላይ ቆማ አየሩን ስታሸት አየኋት። ዛፉን ቀና ብላ አየች። ገባች፣ ቁምሳጥኑን ስትከፍት በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ቆየች፣ ቆየች፣ መልሳ ዘጋችው። ግራጫውን እስከ አንገቷ ቆልፋ ወጣች። ያለችው እውነት ነበር፤ ግራጫ ፊት አጠገብ ሲመጣ ጤነኛ ሰው በሽተኛ ይመስላል። በአንድ ሳምንት አሥር ዓመት አረጀች።

በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት መስኮቱ ጋ መጥተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ሲያዩዋት ቆዩና «ልጄ፣ ያቺ ባለሻርፗ ምነው ጠፋች? ሞተች እንዴ?» ብለው ጠየቋት። እሷኑ! ፊት ለፊቷ ቆመው!

«አለች እናቴ» አለቻቸው እትዬ።

ይህን ምሳ እየበላን እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅኩም። እንጀራዬን ትቼ ተነሳሁ።

ሌሎቹ ደግሞ መስኮቱ ድረስ እንኳን አልመጡም። ከመንገድ ማዶ ቆም ይላሉ፣ በፍርግርጉ ውስጥ ያያሉ፣ ግራጫ ነው። «ገና ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እትዬ ከውስጥ ሆና አንዳንዱን ትለየዋለች፣ በእጇ ትጠራለች። ግን በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተራመስ፣ ፊቷ ሰልፍ ቆሞ፣ ማንን ጠርታ ማንን ትይዛለች? ቢጫውን ሻርፕ ሳትለብስ እጇን ስታወዛውዝ ያየ ሰውስ እሷ መሆኗን በምን ያውቃል? አባባ እጀታ፣ ኋላ ልጃቸው እንደነገረችን፣ ስድስት ገበያ ተመላልሰው አይተዋል። መድኃኒታቸው አልቋል። ልጃቸው «ግቡና ጠይቁ እንጂ አባዬ» ስትላቸው «አይቅደሙኝ ብላኛለች። ቃሏን አክብሬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት» ይሏት ነበር።

ብርዱ ገባ። አንድ ጠዋት አባባ እጀታ ግማሽ የተጠረበ የመጥረቢያ እጀታ እንደያዙ ከዱካቸው ላይ ወደቁ። በቃሬዛ አመጧቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ፤ አፋቸው ተጣመመ፣ ያ ሁሉ እጀታ የወጣበት ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቆ ቀረ።

ደብዳቤ መጣ። ለማን ይመስላችኋል? ለእትዬ! «ከአሠራር ውጭ የሆነ፣ ኃላፊነት የጎደለው ቀጠሮ በመስጠትዎ በአንድ ታካሚ ላይ ጉዳት ደርሷል» ይላል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ጊዜ ደንብ ጥሳ ብትገኝ ከመስኮቱ ተነስታ ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን ትወርዳለች። ለጡረታዋ አሥራ አራት ወር ነበር የቀራት። ሱቄ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ተነሺ፣ አሁኑኑ እንሂድ! የት አባቱ! ሦስት ሳምንት ስጠኝ ብለሽ ለምነሽዋል፣ ምስክር አለሽ!»

«ተይ እባክሽ። ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል!» አልኩ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ሲነቅዝ አላየሽም? የሽማግሌው እጅ የነቀዘው በምን ሆነና ነው? አንቺ ጋውኑን ስትለኪ ዝም አልሽ፣ ኮሌታው ሲስቅብሽ ዝም አልሽ፣ እኔም ጥቅል ጨርቅ አይቼ ዝም አልኩ!»

እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ለታላቅ እህት እንዲህ አይባልም። ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። ቀኑን ሙሉ አንድ እጅጌ እንኳ መግጠም አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ አልቆመችም። አየሩን አላሸተተችም፣ ዛፉንም አላየችም። ቁምሳጥኑን በአንድ ጊዜ ከፈተችና ቢጫውን አወጣች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የወይን ጠጁ ወቅት ከገባ አንድ ወር አልፎታል።

እኔ ደግሞ ጉዴ! አፌን ምን ነካው? «እትዬ፣ ተሳስተሻል፣ ወቅቱ የወይን ጠጁ ነው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ግራጫው ጋውን ላይ ደረበችው። ዘርፉ ያለቀ፣ ጠርዙ የተመለጠ ቢጫ። በትከሻዋ አዙራ ደረቷ ላይ ጣለችውና ወጣች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ያልተሳሳተች ሴት፣ እያወቀች ያለ ወቅቱ ለብሳ፣ መስኮቷን ልትሰጥ ነው የወጣችው።

የገበያ ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ሰው መንገድ መሀል ቆመና «ቢጫው ወጣ!» አለ። አንዷ ለሌላዋ፣ ያ ለዚህ፣ ወሬው ከገበያው ጋር ወደየቤቱ ገባ። በሁለተኛው ቀን ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ እኔ ደጃፍ ደረሰ። የስፌት መኪናዬን ትቼ ወጣሁና መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ካርዱን ይዟል፣ ከካርዱ ላይ ቢጫ ክር ተንጠልጥሏል። አንዱ ያደፈ፣ አንዱ የተበጠሰና የተቋጠረ፣ አንዷ እንዳይጠፋባት አንገቷ ላይ አስራዋለች። ለወራት ያለ መድኃኒት የኖሩ ናቸው። አንድም የሚማረር የለም። ገና አሁን ነው የተጠራነው ብለው ነው የመጡት።

ኮሌታው ከፎቅ ወረደ። በካርድ ክፍሉ በር ገብቶ ከኋላዋ ቆመ። «ይህን ነገር አሁኑኑ ያውልቁ!»

እትዬ ዞር እንኳ አላለችም። ከመደርደሪያው ፋይል እያወረደች፣ በዚያች በማትሰማ ድምጿ «ሰልፉ ሲያልቅ አወልቀዋለሁ፤ ከፈለጉ ወጥተው ይንገሯቸው» አለችው። ቀና ብሎ በፍርግርጉ ወደ ውጭ አየ። መቶ ሰው በመስኮቱ አየው። አንገቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ሲል አየሁት። ወጥቶ አልነገራቸውም። በመጣበት ደረጃ ተመልሶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አባባ እጀታ መጡ። ልጃቸው በግራ ክንዳቸው ገብታ እየደገፈቻቸው ነው። ሰልፈኛው ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ካርዳቸውን በግራ እጃቸው እየጎተቱ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ቢጫዋ ክር አለች። ሻርፑን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በተጣመመው አፋቸው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ ተናገሩ።

«ምነው ልጄ… ዘንድሮ ቢጫው ዘገየ።»

እትዬ ካርዱን እንደያዘች ፍርግርጉን ጨበጠች። እናታችን ስትቀበር ያላለቀሰች ሴት እንባዋ ግራጫው ላይ ጠብ ጠብ አለ። «አዎ አባባ፣ ዘገየሁ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ።»

ኧረ በፈጠራችሁ! ይቅር ይበሉኝ? እሷ? ያን ጊዜ ከራሴ ወጣሁ። መንገድ መሀል ቆሜ ወደ ፎቁ መስኮት አንጋጥጬ ጮህኩ። «እሷ አይደለችም የዘገየችው! አንተ ነህ! ያንብቡት ያልከው አንተ ነህ! ና ውረድና ይቅርታ ጠይቅ!» ሌላም ብዙ ብያለሁ፣ የማይጻፍም ብያለሁ። ሰው «ተይ እንጂ እህቴ» እያለ ያዘኝ። ላይ ያለው መስኮት ተዘጋ። ዛሬም አልጸጸትም፤ የሚቆጨኝ ጋውኑን ሳስረክበው አለመጮኼ ነው።

ሰልፉ አምስት ቀን ፈጀ። በስድስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሳት። እንደተባለው ነው፤ ወደ መጋዘን። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቶ የሚዋልበት። የጎማ ጓንትና የሳሙና ካርቶን ትቆጥራለች።

ሻርፖቹን ግን አራቱንም ለባልደረቦቿ ትታላቸው ወረደች። እነሱም ወይን ጠጁን መስኮቱ ብረት ላይ አሰሩት። ኮሌታው መጥቶ ምንድነው ሲላቸው አንዷ «ማስታወቂያው ሰው ላይ እንዳይለበስ ነው የሚለው ጌታዬ፣ ብረት ላይ አላለም» አለችው። ከበላይ የመጡ ሰዎች ስለዚያ ሰልፍ ጠይቀውት ስለነበር ምላሱን ዋጠ፤ ክር መቁረጡም በዚያው ቀረ። ይኸው አሁን ሻርፑ ብረቱ ላይ ነው፣ ሰውም በክሩ ይመጣል። ወቅት ሊቀየር ሲል እትዬ ጠዋት በሯ ላይ ቆማ አየሩን ታሸትና መንገዷን በመስኮቱ በኩል አድርጋ «ነገ ውሃ ሰማያዊ» ብላቸው ታልፋለች።

ታዲያ ነገሩ በደህና አለቀ እንዳትሉኝ! ቀለሙ ላይ ነው፣ እሷ ታች ናት። አባባ እጀታ እጀታ አይጠርቡም። ኮሌታውም ደመወዙን ይበላል።

ባለፈው እሑድ ጋውኗን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታው አገኘሁት። ማየት አስጠላኝ። አወረድኩት።

«ስጪኝ፣ ይህን ልተርትረው። አንገቱን ቆርጬ በሌላ ኮሌታ ልቀይርልሽ፣ ምንም ይበሉ» አልኳት።

ከእጄ ወሰደችው። አንገቱ ዙሪያ ያለውን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ዞር አድርጋ ገበሩንም አየች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ መርፌ መያዝ ያስተማረችኝም እሷ ናት።

«ተዪው» አለችኝ። «ስፌቱ ጥሩ ነው።»